አምሪሽ ፑሪን በሞጋምቦ ብቻ ማስታወስ ይበቃል?

የወንዝ ማዶ

ሰላም ለሁላችሁ። የህንድ ፊልም በተነሣበት ሁሉ ስለ አክተሩ ብዙ ይባላል፤ ስለ ዘፈኑና ስለ ጭፈራውም እንዲሁ። ወንበዴው ግን «አቤት ዓይኑ!» ተብሎ ይታለፋል። እኔ ስለዚያ ዓይን ባለቤት፣ በ«ሚስተር ኢንዲያ» ወንበዴውን ሞጋምቦን ስለተጫወተው ስለ አምሪሽ ፑሪ በወጉ እንድንነጋገር እፈልጋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፑሪ የተወለደው በ1932 በፑንጃብ፣ ናዋንሻህር በተባለች ከተማ ነው። ሁለት ታላላቅ ወንድሞቹ ቻማንና ማዳን ከእሱ በፊት ፊልም ውስጥ ገብተዋል። ማዳን ፑሪ እንዲያውም ክፉ ሰው በመጫወት ስሙ የታወቀ ነበር። ታናሽየው የእነሱን መንገድ ተከትሎ ቦምቤይ (የዛሬዋ ሙምባይ) ሄደና ለመሪ ተዋናይነት ተፈተነ፤ ወደቀ። ከዚያ በኋላ በመንግሥት የሠራተኞች መድን ድርጅት ተቀጥሮ ከ20 ዓመት በላይ ቢሮ ውስጥ ሠራ። ቀን ከወረቀት ጋር፣ ማታ ከቴአትር ጋር። ሲኒማ በደንብ ያወቀው ዕድሜው 40 ከተሻገረ በኋላ ነው። ጥር 12 ቀን 2005 ሙምባይ ውስጥ ሲያርፍ ከ400 በላይ ፊልሞችን ሠርቶ ነበር። ሂንዲ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በሌሎቹ የህንድ ቋንቋዎች በካነዳ፣ በቴሉጉ፣ በታሚል፣ በማላያላም፣ እንዲሁም በእንግሊዝኛ ተጫውቷል።

እኔ የምለው ይህ ነው፦ የፑሪ ክፉዎች የሚያስፈሩት ማዘዝ መብታቸው መሆኑን ለአፍታ እንኳ ስለማይጠራጠሩ ነው። ሌላው ወንበዴ ክፋት እየሠራ መሆኑን ያውቃል፤ ይስቅበታል፣ ይደሰትበታል። የፑሪ ሰው ግን ቤቱን እንደሚያስተዳድር አባወራ ነው የሚቆመው። ስለዚህም ይመስለኛል በኋላ ያንኑ ፊትና ያንኑ ድምፅ ይዞ የሀገሩ የተከበረ አባት ሊሆን የቻለው። እናንተስ ምን ትላላችሁ? በተለይ ከሞጋምቦ ውጭ ያያችሁትን ንገሩኝ።

ሲኒማ ወዳጅ

ወንድሜ የወንዝ ማዶ፣ ይህን ርእስ ስላነሣህ አመሰግናለሁ። ሞጋምቦን ግን እንዲህ በጎን ትተህ እንድታልፍ አልፈቅድልህም።

«ሚስተር ኢንዲያ» በ1987 ሲወጣ ዳይሬክተሩ ሼካር ካፑር ነበር፤ ድርሰቱ የሳሊምና የጃቬድ። ለሞጋምቦ መጀመሪያ የታሰበው አኑፓም ኬር ነበር፤ በመጨረሻ ለፑሪ ደረሰው። እስቲ የተሰጠውን አስቡት። ወርቃማ ዊግ፣ በወርቅ ያጌጠ የጄኔራል ካፖርት፣ የራሱ ደሴት፣ ህንድን በሙሉ የመያዝ ምኞት። ስለ ራሱ ሲናገር እንኳ «እኔ» አይልም፤ «ሞጋምቦ ተደሰተ» ነው የሚለው። ይህን በወረቀት ያነበበ ተዋናይ ሁሉ ለተመልካቹ በዓይኑ ጠቅሶ «ጨዋታ ነው እኮ» ሊል ይፈተናል። ፑሪ አንድም ጊዜ አላደረገውም። ሰዎቹን አሲድ ወዳለበት ገንዳ ዝለሉ ሲላቸው ፊቱን ተመልከቱ። የሚሞቱትን አይመለከትም፤ ትእዛዙ መፈጸሙን ነው የሚመለከተው። ጣቶቹ ዙፋኑ አጠገብ ያለውን የዓለም ሉል በቀስታ ይመታሉ።

አንተ ራስህ «ማዘዝ መብታቸው መሆኑን አይጠራጠሩም» ያልከው ነገር ከሁሉም ፊልሞቹ ይልቅ እዚህ ነው ጎልቶ የሚታየው። ለልጆች የተጻፈን ገጸ ባሕርይ አዋቂ እንዲፈራው አድርጎ መጫወት ቀላል ሥራ አይደለም። እና ይህን ፊልም ያየን ልጆች ሂንዲ አንሰማም ነበር። የአማርኛ ጽሑፍ ከሥሩ አልነበረም። ያም ሆኖ ምን እንዳለ የጠፋው ሰው አልነበረም።

የመድረክ ልጅ

ሂንዲ ሳንሰማ ለምን እንደገባን ልናገር፤ ቴአትር ስለምሠራ ይህ ጉዳይ የዕለት ሥራዬ ነው።

ፑሪን ወደ መድረክ ያመጣው ታላቁ አዘጋጅ ኢብራሂም አልካዚ ነው፤ ለረጅም ዘመን አብሮት የሠራውና ያሳደገው ደግሞ ሳትያዴቭ ዱቤ። ከመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ሥራዎቹ አንዱ የዳራምቪር ባራቲ «አንዳ ዩግ» ነበር። ይህ ተውኔት ማሃባራታ በተባለው ጥንታዊ የህንድ የጀግንነት ግጥም ከሚተረከው ጦርነት ማግሥት ያለውን ፍርስራሽ የሚያሳይ ነው። ፑሪ በዚያ ላይ ዓይነ ስውሩን ንጉሥ ድሪታራሽትራን ተጫወተ።

ይህን ልብ በሉልኝ። ዓለም በዓይኑ የሚያውቀው ሰው ሙያውን የጀመረው ዓይኑን መጠቀም በማይችል ገጸ ባሕርይ ነው። ዓይን ሲከለከል ተዋናይ የሚቀረው ድምፅ፣ አንገትና እጅ ነው። ጆሮውን ወደ ተናጋሪው የሚመልስበትን ፍጥነት፣ ከመመለሱ በፊት ዝም የሚልበትን ርዝመት መለካት አለበት። ከዚያ በኋላ የተሠሩትን ፊልሞቹን ድምፁን እየሰማችሁ ብቻ ተከታተሉ። ትልቁን ቃል ዝቅ ባለ ድምፅ ይጀምረዋል፤ ትንፋሹን አያባክንም፤ ዓረፍተ ነገሩ ሊያልቅ ሲል ሁሉም ሰው የሚደክምበት ቦታ ላይ እሱ ይከብዳል። ይህ ማይክሮፎን በሌለበት አዳራሽ ከመጨረሻው ረድፍ ለተቀመጠ ሰው ሲናገር የኖረ ሰው ልማድ ነው። ካሜራው ፊት ሲቆም መጮህ አላስፈለገውም፤ አዳራሹን ሁሉ የሚሞላውን አቅም ይዞ ጠረጴዛ ማዶ ለተቀመጠው አንድ ሰው ተናገረው። የሚያስጨንቀው ያ ነው።

በ1979 የህንድ ብሔራዊ የሙዚቃና የቴአትር አካዳሚ፣ ሳንጊት ናታክ አካዳሚ፣ ሽልማት ሲሰጠው በቴአትር ትወናው ነበር። ሞጋምቦ ገና ስምንት ዓመት ይቀረዋል። ሰዎች ሞጋምቦ ሠራው ይላሉ፤ ሞጋምቦን ሲሆን ያየነው ግን ተሠርቶ ያለቀ ሰው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛም ሀገር ክፉ ገጸ ባሕርይ ሲጫወቱ የኖሩ ተዋንያን ሕዝብ ሲጠላቸው ይታያል፤ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ይሰደባሉ። ይህ ጥላቻ ለሥራቸው የተሰጠ ምስክርነት መሆኑን የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። ስለ ፑሪ ስናወራ እነሱን እንዳንረሳ።

ጠያቂው ከሐዋሳ

ለሁላችሁም ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እኔ ፑሪን ያወቅሁት በ1984ቱ የኢንዲያና ጆንስ ፊልም፣ ከሰው ደረት ልብ መንጭቆ የሚያወጣው ካህን ሞላ ራም ሆኖ ነው። በልጅነቱ ያየው ሰው ሁሉ ያን ትዕይንት ያስታውሳል። አሁን ትልቅ ሆኜ ሳስበው ግን ጥያቄ አለኝ። ያ ፊልም ህንዶችን የጦጣ አንጎል የሚበሉ፣ ሰው የሚሠዉ አድርጎ ያሳየ ነው። ይህን ያህል የተማረ የቴአትር ሰው እንዴት ተስማማ? እኛን አፍሪካውያንን እንዲህ በሚያሳይ ፊልም ላይ የሀገራችን ታላቅ ተዋናይ ቢሠራ ዝም እንላለን?

ሲኒማ ወዳጅ

ጥያቄህ ተገቢ ነው። የህንድ መንግሥት ራሱ ድርሰቱን አይቶ ስላልተስማማ ቀረጻው ወደ ስሪላንካ ነው የሄደው፤ የውስጥ ትዕይንቶቹ በእንግሊዝ ኤልስትሪ ስቱዲዮ ተሠሩ። ፊልሙም ህንድ ውስጥ መጀመሪያ ታግዶ ነበር። ስለዚህ ቅሬታው የአንተ ብቻ አይደለም።

እኔ ግን የድርሰቱን ጥፋት በተዋናዩ ላይ አልጭንም። ሌሎቹ ሁሉ በሚሯሯጡበትና በሚጮኹበት ፊልም ውስጥ፣ አምላኩን ከልቡ የሚያመልክ ሰው የሚመስለው እሱ ብቻ ነው። ጸጉሩን የተላጨውም ለዚህ ሥራ ነው፤ ከዚያ በኋላ ራሰ በራነቱ መታወቂያው ሆኖ ቀረ። ከሦስት ዓመት በኋላ የሞጋምቦ ወርቃማ ዊግ ያረፈው በዚሁ በተላጨ ራስ ላይ ነው።

የሻርጃዋ

ወንድሞቼ፣ ውይይታችሁን ሳነብ አመሸሁ። እኔ የምሠራው ከህንዶች ጋር ነው፤ ደመወዝ በገባ ቀን «ሞጋምቦ ኩሽ ሁዋ»፣ ያችኑ «ሞጋምቦ ተደሰተ»ን፣ የማይል የለም። ከኬረላ የመጡትም፣ ከፑንጃብ የመጡትም፣ ከሃይደራባድ የመጡትም። ቋንቋቸው ይለያያል፤ ይህችን ግን ሁሉም ያውቃታል። ስለዚህ ሞጋምቦ ቀላል አይደለም።

ነገር ግን ፑሪ ስለተጫወተው አባት፣ ስለ ባልዴቭ ሲንግ የተናገረ ሰው ስላጣሁ ገረመኝ። «ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃዬንጌ» በ1995 ነው የወጣው፤ ሙምባይ በሚገኘው ማራታ ማንዲር ሲኒማ ቤት ከ20 ዓመት በላይ ሳይወርድ ታይቷል። ሁሉም ሰው የሻህ ሩክ ካንና የካጆል ፍቅር ነው የሚለው። እኔ ግን ፊልሙ የአባትየው ነው እላለሁ። ሲጀምር የምናየው እሱን ነው፤ ለንደን፣ ትራፋልጋር አደባባይ ላይ ቆሞ ለእርግቦች ጥሬ እየበተነ። ብዙ ዓመት በሰው ሀገር ኖሯል፣ ሱቅ ከፍቷል፣ ልጆች አሳድጓል፤ ልቡ ግን ፑንጃብ እርሻ ውስጥ ነው ያለው። ልጁን ለቀድሞ ጓደኛው ልጅ ቃል ገብቷል። ለእሱ ያ ቃል ከሀገሩ ጋር ያለው የመጨረሻ ገመድ ነው። ልጅቱ ሌላ ስትወድ የሚበጠሰው እሱ ነው።

እዚህ ዓረብ ሀገር ያለን፣ አሜሪካም አውሮፓም ያሉት ወገኖቻችን፣ ይህን አባት እናውቀዋለን። ልጆቹ በማያውቁት ሀገር ልማድ ልጆቹን የሚያሳድግ አባት። ክፉ አይደለም፤ ፈርቷል። ፑሪ ያንን ፍርሃት በቁጣ ሥር ደብቆ ነው የተጫወተው። በመጨረሻ ባቡሩ ሲንቀሳቀስ የልጁን ክንድ አጥብቆ ይይዛል። ልጅቱ ትለምናለች። ከዚያ እጁ ይለቃል፤ «ሂጂ፣ ሕይወትሽን ኑሪ» ይላታል። አክተሩ ባቡሩ በር ላይ እጁን ዘርግቶ እየጠበቀ ነው፤ እኔ ግን ሁልጊዜ የምመለከተው የአባትየውን ጣቶች ነው።

የወንዝ ማዶ

እህቴ የሻርጃዋ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ልናገር የፈለግሁት ይህንኑ ነበር፤ አንቺ ከእኔ አሳምረሽ ተናገርሽው። ባልዴቭ ሲንግ ልጁን ባይለቅ ኖሮ ፊልሙ ስለ አንድ ጨካኝ ሰው ይሆን ነበር። ፑሪም እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሊለቃት እንደሚችል ምንም ፍንጭ አይሰጥም። ሃያ ዓመት ሙሉ ክፉ ሲጫወት ያየነው ሰው ስለሆነ አይለቅም ብለን እናምናለን። ዳይሬክተሩ አዲትያ ቾፕራ ያን ጊዜ ገና ወጣት ነበር፤ ተመልካቹ ስለ ፑሪ ያለውን ትዝታ ሁሉ ለዚያ ትዕይንት አዋለው።

ጡረተኛው መምህር

ልጆቼ፣ ክርክራችሁ ደስ ይላል። እኔ በወጣትነቴ ባስተማርኩበት ትምህርት ቤት የሒሳብና የፊዚክስ መምህራኖቻችን ህንዶች ነበሩ፤ ብዙዎቻችሁ ወላጆቻችሁን ብትጠይቁ ይነግሯችኋል። የህንድን ሌላ ሲኒማ፣ ዘፈን የሌለበትን፣ መጀመሪያ የሰማሁት ከእነሱ ነው። ስለዚህ ከሞጋምቦ በፊት ስላለው ፑሪ እኔ ልንገራችሁ።

ሽያም ቤኔጋል የተባለው ዳይሬክተር በተከታታይ ሦስት ዓመት ሦስት ፊልም አሠራው። የመጀመሪያው «ኒሻንት» ነው፣ 1975። ታሪኩ በ1940ዎቹ በቴላንጋና የሚገኝ የባላባት ቤት ነው። የባላባቱ ወንድሞች የመምህሩን ሚስት ጠልፈው ይወስዳሉ። መምህሩ ፖሊስ ጋ ይሄዳል፣ ዳኛ ጋ ይሄዳል፣ ባለሥልጣን ጋ ይሄዳል፤ የሚሰማው የለም። ፑሪ ታላቅ ወንድም ነው። ብዙ አይናገርም። መናገር አያስፈልገውም፤ መንደሩ ሁሉ ፊቱን እያየ ነው የሚኖረው። በመጨረሻ መንደርተኛው ይነሣል። በእኛ ሀገር የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት እንዲሆን የታወጀው በዚያው በ1975፣ በእኛ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። የባላባት ደጅ የጠኑ ወላጆች ልጆች ያ ፊት ምን ማለት እንደሆነ ማብራሪያ አያሻንም።

ሁለተኛው «ማንታን» ነው፣ 1976። ስለ ወተት ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። የፊልሙን ገንዘብ ያዋጡት የጉጃራት 500,000 ገበሬዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ሩፒ። ፑሪ የግል የወተት ነጋዴውን ይጫወታል፣ ሚሽራን። ይህ ሰው ጎራዴ የለውም፣ ወሮበላ አያሰማራም። ከገበሬው በርካሽ ይገዛል፣ በችግሩ ጊዜ ያበድረዋል፣ ሲያገኘው በትሕትና ያናግረዋል። ማኅበሩ ሲቋቋም የሚቃወመውም እየተቆረቆረ ነው፤ ገበሬዎቹን የሚጠብቃቸው እሱ እንደሆነ ያምናል። ብዝበዛ ምን እንደሚመስል ተማሪዎችን ለማስተማር ይህን ፊልም የሚያህል መጽሐፍ አላየሁም።

ሦስተኛው «ቡሚካ» ነው፣ 1977። ስለ እሱ ሌሎቻችሁ ብትናገሩ እወዳለሁ።

የመድረክ ልጅ

ጋሽ መምህር፣ እድሜ ይስጥዎት። ስለ «ቡሚካ» እኔ ልቀጥል።

ስሚታ ፓቲል በባል፣ በእናት፣ በፊልም ሰዎች የተሰላቸች ተዋናይትን ትጫወታለች፤ ታሪኩ የተወሰደው ሃንሳ ዋድካር ከተባለች የማራቲ ተዋናይት ግለ ታሪክ ነው። ወንዶች ሁሉ ሲያሳዝኗት ቪናያክ ካሌ የሚባል ሀብታም ታገኛለች፤ ይህ ፑሪ ነው። የተረጋጋ፣ ንጹሕ የለበሰ፣ ቃሉን የሚጠብቅ ሰው። ገጠር ወዳለው ሰፊ ቤቱ ይወስዳታል። አልጋ የያዘች ሚስቱ እዚያ አለች፤ እናቱ አለች፣ ልጁ አለ። ሁሉም ያከብሯታል። አንድ ቀን ልጁን ይዛ ልትወጣ ስትል መውጣት እንደማትችል ይነገራታል። በቤቱ ወግ ሴት ከግቢው አትወጣም። ካሌ አይቆጣም፤ እጁን አያነሣም፤ ይህ ለምን እንዳስገረማት ነው ያልገባው። 

ከ400 በላይ በሆኑት ፊልሞቹ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ አስፈሪ ሰው ተጫውቷል ብዬ አላምንም። ዊግ የለ፣ አሲድ የለ፣ የተንጨረጨረ ልብ የለ። የተዘጋ በርና ጨዋ ሰው ብቻ።

ሲኒማ ወዳጅ

«ቡሚካ» ትልቅ ፊልም ነው። ነገር ግን ካሌን ያየው ጥቂት ሰው ነው፤ ሞጋምቦን ያየው ከመርካቶ እስከ ማሌዥያ ያለ ሰው ነው። ብዙኃኑን ማስደንገጥ የራሱ ጥበብ አለው። ደግሞ ታሪኩን በትክክል ካየነው ትልቁን ሲኒማ የከፈተለት የ1980ው «ሃም ፓንች» ነው፤ እዚያም ባላባት ነው፣ የ«ኒሻንት»ን ሰው በሚበዛው ተመልካች ቋንቋ ደገመው። ከዚያ «ቪድሃታ»፣ «ሂሮ»፣ «ናጊና»፣ «ትሪዴቭ»፣ «ዳሚኒ»፣ «ካራን አርጁን» ተከታተሉ። ሁለቱን ሲኒማ ግድግዳ አቁመን አንለያይ።

የወንዝ ማዶ

እውነት ነው፣ ግድግዳው የእኛ ነው፤ እሱ በሁለቱም ቤት ገብቶ ወጥቷል። ከእነዚያ 400 ውስጥ ደካማ የሆኑ ብዙ ናቸው፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። አንዳንዱ ላይ የሚቀረው ጢምና ሳቅ ብቻ ነው። ቢሆንም ከ40 ዓመቱ በኋላ በር የተከፈተለት ሰው የመጣለትን ሁሉ ለመሥራት ቢቸኩል እኔ አልፈርድበትም።

የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ታዋቂው የህንድ ፊልም ሽልማት ፊልምፌር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለክፉ ገጸ ባሕርይ የተለየ ሽልማት ሲጀምር ፑሪ ደጋግሞ ታጨ፤ አንድም ጊዜ አልተሰጠውም። በረዳት ተዋናይነት ግን ሦስት ጊዜ ወሰደ፦ በ«ሜሪ ጁንግ»፣ በ«ጋታክ» እና በ«ቪራሳት»። ከሦስቱ ሁለቱ አባት የሆነባቸው ናቸው። ኢንዱስትሪው ክፉውን እንደ ተፈጥሮ ስጦታ ቆጠረው፤ ይበልጥ «አቤት ትወና!» ያለው ጥሩ ሰው ሲሆን ነው። ክፉ መጫወት ሥራ እንደሆነ፣ ትንፋሽና ልምምድ እንደሚጠይቅ ለማየት አልፈለገም።

ጠያቂው ከሐዋሳ

ጋሽ መምህርም፣ ሌሎቻችሁም፣ ብዙ አስተማራችሁኝ። ስለ ኢንዲያና ጆንስ ያለኝ ቅሬታ ግን እንዳለ ነው። አሁን ሌሎቹን ማየት እፈልጋለሁ፤ ከየትኛው ልጀምር?

ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ ቅሬታህን ያዘው፤ ቅሬታ ያለው ተመልካች ጥሩ ተመልካች ነው። እኔ ከ«ማንታን» ጀምር እላለሁ። ወተት የሚሸጥ ቤተሰብ ካለህ አብራችሁ እዩት።

የሻርጃዋ

ከልጆቹ ጋር ከሆነ «ሚስተር ኢንዲያ»፣ ከአባቱ ጋር ከሆነ የባልዴቭ ሲንግን።

የመድረክ ልጅ

እኔ «ቡሚካ»ን አስቀድም፤ «ጋታክ»ን ለመጨረሻ አቆየው እላለሁ። «ጋታክ» የ1996 ፊልም ነው፤ እንደ ፊልም ጩኸት የበዛበት፣ ድብድብ የበዛበት ነው፤ ያን ታገሠው። ፑሪ የሳኒ ዴኦል አባት ሆኖ ይጫወታል። ለነጻነት የታገለ፣ አሁን ያረጀ፣ ጉሮሮው በካንሰር የተያዘ ሰው። ያ ድምፅ፣ ለ20 ዓመት ተመልካችን ሲያስደነግጥ የኖረው ድምፅ፣ እዚህ ይሰበራል፤ ቃል ለማውጣት ይታገላል። የሰፈሩ ጌታ ሆኖ የሚጫወተው ዳኒ ዴንዞንግፓ ነው። ሰዎቹ ሽማግሌውን ይዘው አንገቱ ላይ የውሻ ማሰሪያ ያስሩበታል።

ሰውን ሲያንበረክክ የኖረ ተዋናይ መንበርከክን እንዴት እንደተጫወተው እይ። አያለቅስም፣ አይለምንም። የተዋረደ ሰው ክብሩን የት እንደሚያስቀምጥ በአንገቱ ብቻ ያሳይሃል። ከ«አንዳ ዩግ» ዓይነ ስውር ንጉሥ የተማረውን ሁሉ እዚያ ታገኘዋለህ። ከሦስቱ ሽልማቶቹ አንዱን የወሰደው በዚህ ነው፤ ባይሰጠውም ኖሮ እኔ ይህንኑ እነግርህ ነበር።